ወፍጮው ሲዞር ብቻ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1980

ዛሬ ወፍጮው በጠዋት ተነሣ። ደስ አለኝ። ቁርስ ሳልቀምስ በጨዋታዬ 214 ነጥብ አስገባሁ… ከዚያ መኪናዬ በግራ በኩል ባንዲራ መታች።

ጓዳ ከገባሁ አርባ ሦስተኛ ቀኔ። ከገብሱ ጎተራ ጀርባ ነው ያለሁት፣ ለመተኛት እግሬን ማጠፍ አለብኝ። ከጀርባዬ የጭቃ ግድግዳ፣ ከግድግዳው ማዶ የአቶ ሣህሌ ወፍጮ ቤት። ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና ስሜን ከጠራ ጀምሮ እማዬ ለጠየቃት ሁሉ "ይርሳው ዲላ አጎቱ ጋ ሄዷል" ትላለች። ዲላ አጎት የለኝም። ደግነቱ፣ የትኛው አጎቱ ብሎ የጠየቀ የለም።

ሕጌ አንድ ነው። ወፍጮው ሲዞር እጫወታለሁ፣ ሲቆም አጠፋለሁ። ይቺ በባትሪ የምትሠራ የመኪና ጨዋታ ድምፅ መቀነሻ የላትም። መኪናዋ አንድ እርምጃ በሄደች ቁጥር "ጢጥ" ትላለች። አስናቀ፣ የአክስቴ ልጅ፣ ከሞስኮ ሲመለስ ነው ያመጣልኝ። መዳፍ የምታህል፣ ሁለት ቁልፍ ብቻ፣ ግራና ቀኝ። ምናለ ሸሚዝ ቢያመጣልኝ ብዬ አምቼው ነበር። ይቅር ይበለኝ።

የምጽፈው በቴሌግራም ቅጽ ጀርባ ነው። ከፖስታ ቤት ሥራዬ የቀረኝ ይሄው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 11

ስለ መኪና ጨዋታ ከእኔ በላይ አውቃለሁ የሚል የአሰላ ሰው ካለ ይምጣ። (አይምጣ።)

ሦስት ዓይነት ነድቻለሁ። አዲስ አበባ አንድ ሆቴል ውስጥ ያለው፣ ቁም ሣጥን ያህላል፤ እውነተኛ መሪ አለው፣ ነዳጅ መስጫም አለው። ሲያዩት ያስጎመጃል። ግን ውሸታም ነው… ተጋጭተህ፣ ተቃጥለህ፣ ወዲያው ሌላ መኪና ይሰጥሃል። እንዲህ ያለ አገር የት አለ? ሁለተኛው እዚህ ይሠራ የነበረው የስዊድን ባለሙያ ቤት ያለው ነበር፣ በቴሌቪዥን የሚታየው። መኪናው የሳሙና ቁራጭ ይመስላል። መልኩን ትቼ ለጨዋታው ግን አንደኛ እሱን እላለሁ፤ ለሁለት ሰው ነውና። ይቺ የእኔዋ ደግሞ ሦስት ጊዜ ከተጋጨህ አበቃ። ጨካኝ ናት፣ ግን እውነቱን ትናገራለች።

ሦስቱንም የሠሩት ሰዎች ግን የአርሲን መንገድ አያውቁትም። ጭቃ የለ፣ ጋሪ የለ፣ መሀል መንገድ ላይ የሚያስብ አህያ የለ። "ወራጅ አለ" የሚል የለ። ወራጅ የሌለበት መኪና ምን መኪና ነው?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 13

ገበያ። ወፍጮው ሲያርፍ ወሬ፣ ሲነሣ ጨዋታ… ሥራ አልፈታሁም።

ማዶ እህል ከሚያስፈጩት ሴቶች የበቀለች ድምፅ ከሁሉ ይበልጣል። እሷ ግን ሹክ ያለች ይመስላታል። "የሳጉሬው ገብስ ነጋዴ ሠርጉን አራዘመ አሉ።"

"ምነው፣ ልጅቷ እምቢ አለች?"

"ኧረ እሷስ ቸኩላለች። እሱ ነው፣ የወርቅ ጥርሱ እስኪገባ ልጠብቅ ያለ።"

አፌን በጋቢ አፍኜ ሳቅሁ። ከዚያ ሳቄ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠና ብዙ ቆየ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 17

መስኮቷ ፈዘዘ። ባንዲራዎቹ ጥላ መሰሉ። ባትሪዋ አልቋል።

"ለዚች ጢጥ ጢጥ ብዬ ሰዓት ሠሪ ቤት ልሂድ?" አለች እማዬ።

"እማዬ፣ ያለሷ አእምሮዬ ይሄዳል።"

ነጠላዋን ለበሰችና ወጣች። ሰዓት ሠሪው፣ ስሙ ከዲሮ፣ ምንም ሳይጠይቅ ሁለት ባትሪ በወረቀት ጠቅልሎ ሰጣት። ጨዋ ሰው ነው።

ማታ እጇ ላይ ያለውን ሰዓት ስትሞላ አየኋት። የአባቴ ነበር። በየቀኑ ልክ ሃያ ጊዜ ታዞረዋለች።

እሑድ፣ ጥቅምት 21

እሑድ ወፍጮ የለም። እሑድን ማን ፈጠረው?

ጓደኛዬን ሀሰኖን አሰብኩ። አባቱ የስዊድኑ ቤት ጠባቂ ነበሩ። ባለቤቱ ወደ ገጠር ሲወጣ፣ እኔና ሀሰኖ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠን ስንነዳ እንውል ነበር። የእሱ ሳሙና ቀይ፣ የእኔ ሰማያዊ። እኔ ሁልጊዜ መታጠፊያው ላይ እጋጫለሁ። እሱ መኪናውን አቁሞ ይጠብቀኛል።

"አንተ ሞኝ፣ ውድድር እኮ ነው" እለዋለሁ።

"ብቻዬን ደርሼ ምን ልሠራ?"

ይሄው ነው አስተያየቴ። ብቻህን የምትነዳው ውድድር፣ ውድድር አይደለም። ከማን ልትቀድም?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 23

የወፍጮው ቺንጊያ ተበጠሰ። አቶ ሣህሌ ሌላ እንዲገዛለት ናዝሬት ሰው ልኳል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 25

ጸጥታ። ሁለት ቀን ሙሉ። የራሴን ትንፋሽ መስማት ሰለቸኝ። አንድ ጊዜ አሳለኝና ትራሱን ነከስኩ።

ባትሪዎቹን አውጥቼ ቁልፎቹን ብቻ ስጫን ዋልኩ። ግራ፣ ቀኝ፣ ቀኝ… በባዶ መስኮት። እማዬ ምግብ ይዛ ገብታ አየችኝ። ሳህኑን አስቀምጣ ፊቷን አዞረች።

አንድ ነገር ገባኝ ዛሬ። በሦስቱም ጨዋታዎች መኪናው አይሄድም። እዚያው ታች ቆሞ ግራና ቀኝ ይላል እንጂ ንቅንቅ አይልም። መንገዱ ነው ከላይ እየወረደ የሚመጣበት። ተደብቄ አመለጥኩ ብዬ ነበር… ማነው ያመለጠው?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 27

ምነው ወፍጮው ቢዞር ኖሮ። ምነው ባልሰማሁ።

ሴቶቹ ቺንጊያው ዛሬ ይመጣል ተብለው እህላቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ከልካይ ጩኸት ስለሌለ እያንዳንዱ ቃል ይገባል።

"የፋጡን ልጅ ወሰዱት አሉ" አለች በቀለች። እውነተኛ ሹክታ ነበር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።

"ሀሰኖን? አንድያ ልጇን? አባቱ እንኳ በቅርቡ ነው የሞተው።"

"ቁጥር ጎደለ ተባለ። የአሰፋች ልጅ ዲላ ሄደ ተብሎ ጠፋ፣ በሱ ምትክ ነው አሉ።"

"እሷስ ምን አለች?"

"ፋጡ? ቀበሌ በር ላይ ቁጭ ብላ 'ማል ጎና፣ ማል ጎና' ትላለች። ምን እናድርግ ማለቷ ነው። እዚያው አውራጃው አዳራሽ አጉረዋቸዋል፣ መኪና እስኪመጣ።"

የአሰፋች ልጅ እኔ ነኝ። ምትኩ የእኔ ነው። ከዚህ ግድግዳ ሁለት ክንድ ማዶ፣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ማታ እማዬን "ሰምተሽ ነበር?" አልኳት። ሰዓቷን መሙላት ያዘች። ሰምታለች። ከሰማች ስንት ቀኗ እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 29

ወፍጮው ተነሣ። አልነካትም ብዬ ማልኩ።

640። እስከ ዛሬ ካስገባሁት ሁሉ ይበልጣል። ጣቴ ደነዘዘ። ሀሰኖ አዳራሽ ውስጥ ሲሚንቶ ላይ ተኝቷል፣ እኔ 640። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ረቡዕ፣ ኅዳር 1

ዛሬ ያደረግኩትን እጽፈዋለሁ፣ እንዳልረሳው።

ባትሪው እንደገና አለቀ። እማዬ "አሁንስ አልሄድም፣ ልቤ ፈርቷል" አለች። ለመንኳት። አለቀስኩ፣ በሃያ አምስት ዓመቴ። ሄደች።

የከዲሮ ሱቅ ውስጥ ወልደጻድቅ ተቀምጦ ነበር፣ የቀበሌው ጥበቃ፣ ሰዓቱን ሊያሠራ። እማዬ ሳታየው ባትሪ ጠየቀች። ከዲሮ ዓይኗን እያየ፣ "ያው ለአስናቀ ሰዓት ነው ያሉኝ፣ አይደል እትዬ አሰፋች?" አላት። መውጫ በር ሲከፍትላት እኮ ነው። እናቴ ግን ዕድሜዋን ሁሉ የሰው ዕቃ ነክታ አታውቅም። "የለም፣ ለራሴ ሰዓት ነው" ብላ እጇን ዘረጋች።

ወልደጻድቅ እጇን በክብር ያዘ። ጆሮውን አስጠጋ። አዳመጠ።

"ይሄ በእጅ የሚሞላ ነው እኮ፣ እትዬ። ደግሞም ይሄዳል።"

እማዬ ይህን ስትነግረኝ ባትሪዎቹን አሁንም ጨብጣቸው ነበር። መዳፏ ላይ ሁለት ክብ ምልክት ቀርቷል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 2

በጠዋት መጡ። ቤቱን አልበረበሩም። እማዬን ብቻ "ለጥያቄ ይፈለጋሉ" አሉ። ነጠላዋን እስክትለብስ ጠበቋት።

ወልደጻድቅ ወደኋላ ቀረ። በሩ ላይ ቆሞ፣ ለጎተራው ይመስል፣ በመደበኛ ድምፅ ተናገረ።

"እትዬ አሰፋች እኛ ጋ ናቸው። ሰዓታቸውን የሚሞላላቸው ሰው ካለ፣ ቢመጣ ጥሩ ነው።"

ከዚያ ሄደ። ያውቃል። ጎትቶ ሊያወጣኝ ይችል ነበር። ለምን አልጎተተኝም? እንዲህ መተዉ ይብሳል።

ወፍጮው ቀኑን ሙሉ ዞረ። አልተጫወትኩም።

ዓርብ፣ ኅዳር 3

ጢሜን ተላጨሁ። እኔ ከገባሁ ቁጥሩ ይሞላል፣ ቁጥሩ ከሞላ ሀሰኖ ይለቀቃል። እማዬም ትወጣለች። ሂሳቡ ልክ ነው… ልክ አይደለም?

ሃምሳ ስድስተኛ ቀን፣ ካልተሳሳትኩ… ተሳስቻለሁ፣ ስልሳ ሰባተኛ ነው። በበሩ ነው የምወጣው። ፀሐይ ላይ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 7፣ ናዝሬት

ኡራሉ፣ የጫነን የወታደር መኪና፣ ቆሟል። ጎማ እየቀየሩ ነው። ጭኔ ላይ እጽፋለሁ።

ዓርብ ቀበሌ ስገባ ወልደጻድቅ ከወንበሩ ተነሣ። "ከዲላ መቼ ገባህ?" አለኝ፣ ሳይስቅ። እማዬን በዚያው ሰዓት ለቀቋት። ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችና "ፀሐይ ላይ ስትታይ እንዴት ገርጥተሃል" አለች። ሰዓቷ ቆሞ ነበር። እዚያው ሞላሁላት፣ ሃያ ጊዜ።

ሊቀመንበሩን "የፋጡ ልጅ የእኔ ምትክ ነው፤ እኔ መጥቻለሁ፣ እሱ ይለቀቅ" አልኩት። ከወረቀቱ ቀና አላለም።

"ምትክ የሚባል የለም። ቁጥር ነው ያለው።"

"ቁጥሩ ሞላ ማለት አይደለም?"

"አሁን ተርፏል። ትርፍ አይመለስም።"

በቃ። ይሄን ለመስማት ነው የወጣሁት።

አዳራሹ ውስጥ ሀሰኖ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ከስቷል። አይቶኝ ዓይኑን አሸ። "ወላሂ፣ እኔ ባንተ ምትክ ነው የመጣሁት። አንተ ደግሞ በማን ምትክ መጣህ?" አለና ሳቀ። መሳቅ አቃተኝ። ነገርኩት፣ ሁሉንም፣ ስለ ጎተራው፣ ስለ ግድግዳው፣ ስለ 640። "640?" አለ። "አትዋሽ።"

ዛሬ በጠዋት ስንጫን እማዬና ፋጡ አጥሩ ላይ ጎን ለጎን ቆመዋል። አይነጋገሩም። ፋጡ እኔን አላየችኝም፣ አንድ ጊዜም። ለሀሰኖ በቅቤ የታሸ የገብስ ጩኮ በቅጠል ቋጥራ አቀበለችው። ሲፈታው ግን የሁለት ሰው ነበር። እማዬ ኪሴ ውስጥ ወረቀት ከተተች። ሁለት አዲስ ባትሪ። "ከዲሮ ነው። ስሙን እንዳትጠራ።" እነሆ እዚህ ጻፍኩት። ይህን ቅጽ የሚያነብ ማን አለና?

ኢተያን፣ ዴራን አለፍን። ወዴት እንደሚወስዱን አልነገሩንም። ከኡራል ጀርባ የተጫነ ሰው መንገዱ ሲመጣ አያይም፤ ሲሸሽ ብቻ ነው የሚያየው። ጭላሎ ተራራ መጀመሪያ ሰማዩን ሞልቶ ነበር፣ ከዚያ ቤት አከለ፣ ከዚያ የለም። ይህን የሚያሳይ ጨዋታ እስከ ዛሬ አላየሁም። ማንም አይገዛውም።

ጎማው ሲፈነዳ አወጣኋት። ባትሪውን ከተትኩ። "ጢጥ" ስትል ሁሉም ዞሩ፣ እኔም በልማድ በመዳፌ አፈንኳት። ሀሰኖ እጄን አንሥቶ ወሰዳት። በባንዲራ መሀል ነድቶ አያውቅም፣ ግን ወዲያው ለመደ። ሃምሳ። መቶ። ሰዎቹ ትከሻው ላይ ተደራረቡ፣ አንዱ የሲሬ ልጅ "ቀኝ፣ ቀኝ በል እንጂ፣ በሬ ነው እንዴ የምትነዳው?" ይለዋል። መቶ ስልሳ። አንድም አልተጋጨም።

እዚያ ላይ፣ እየሄደች፣ እጄ ውስጥ አስቀመጣት።

"ያዝ፣ እንዳታቆማት።"

ለምን ብዬ አልጠየቅኩትም። መልሱን አውቀዋለሁ።

ጎማው ታስሯል፣ ሹፌሩ ጋቢና ገባ። ይህን መስመር በግራ እጄ ነው የምጽፈው፣ ቀኙ ቁልፉ ላይ ነው። ግራ ሲያስፈልግ ሀሰኖ ይጫናል። ሁለት መቶ አልፈናል። ጢጥ፣ ጢጥ ትላለች፣ ወፍጮ የለም፣ ማንም አጥፋት አላለኝም።