ዴልያ ያላለችው ይቅርታ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5፤ ጠዋት 2፡30

ለብ ያለ ውሃ ጠጣሁ። ከንፈሬን አንቀጠቀጥኩ። ከሀ እስከ ፐ ሁለት ጊዜ፣ መስኮቱ ጋ ቆሜ። እማዬ ከማድቤት ለማን ብለሽ ነው ድምፅሽን የምታሟሙቂው አለችኝ። ከስቱዲዮ ከወጣሁ አሥራ ዘጠኝ ቀን። ጉሮሮዬ ሥራ መፍታቱን ገና አልሰማም።

ደብተሬ፣ የምታውቁት አንቺና እማዬ ብቻ ናችሁ። ረቡዕና ዓርብ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ብሎኩ በሙሉ ቁጭ ብሎ የሚጠብቃት ዴልያ፣ የባሕር ማዶው ተከታታይ ድራማ ምራት፣ አማርኛ የምትናገረው በእኔ ድምፅ ነው። ነበር። መቶ አርባ ክፍል። ከእንግሊዝኛው የምተረጉመውም እኔ ነበርኩ። መጨረሻ ላይ ስማችን አይጻፍም። ለሰው መንገርም በውል ክልክል ነው።

ነገ ክፍል 141 ይተላለፋል። የተባረርኩበት። የባሏ አባት ቀለበት ሰርቀሻል ብሎ ቤተሰቡ ፊት ያቆማታል። ይቅርታ ጠይቂ ይላታል። ዴልያ ቀና ብላ «ያላጠፋሁትን አጠፋሁ አልልም» ትላለች። እንደዚያ ተረጎምኩት። ሥራ አስኪያጁ (ከዚህ በኋላ ሥ/አ፣ ሙሉውን መጻፍ ክብር ይሆንለታል) በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘው። «አጥፍቻለሁ አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ» ብሎ ጻፈበት። የእኛ አገር ምራት እንዲህ አትመልስም፣ ተመልካች ይቀየመናል አለ። ከንፈሯ የሚለው ሌላ ነው አልኩት። ከንፈር ማን ያነባል አለኝ። ማይክ ፊት ቆሜ እምቢ አልኩ። ሁሉም እየሰማ ውጪልኝ አለኝ። በማግስቱ ደብዳቤ፦ የሥነ ምግባር ጉድለት። ቃሉን ሌላ ልጅ አለችው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

የብሎኩ ቴሌግራም ግሩፕ የተከፈተው ውሃ በፈረቃ የሚመጣበትን ቀን ለመነጋገር ነበር። አሁን ስለ ውሃ የሚጽፍ የለም። ከትናንት ማታ ጀምሮ ስለ ዴልያ ብቻ። እማዬ ቁርስ ላይ ጮክ ብላ ታነብልኛለች። ተይኝ ብላትም።

ጋሽ ወርቁ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር፣ «ተከሳሿ በገዛ አንደበቷ ስላመነች ሌላ ማስረጃ መስማት አያስፈልግም» ብለው ጽፈዋል። ሦስት ሰው አውራ ጣት አድርጎላቸዋል። ቤቲ ከሁለተኛ ፎቅ፦ «ስንት ቀን አለቀስኩላት! ሌባ ናት ለካ፣ ሸወደችን።» አንዱ ደግሞ ድምፅዋ ተቀይሯል፣ ጉንፋን ይዟት ይሆን ብሎ ጠየቀ። ዝንጅብል ይላክላት ተባለ። ሳቅ በሳቅ።

መቶ አርባ ክፍል ሙሉ ወደዷት። አንድ ዓረፍተ ነገር በቃ። ሌባ።

መልስ ጻፍኩ። አጠፋሁ። ጻፍኩ። አጠፋሁ። ፈሪ ነኝ ማለት ነው? ውሉ ነው የያዘኝ ወይስ ሌላ? አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ትናንት 142ን እትዬ የሺ ቤት አየን። ምድር ቤት ናቸው፣ ዓርብ ዓርብ በራቸው ክፍት ነው፣ ሁሉም በርጩማውን ይዞ ይገባል። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ቲቪውን ጆሮአቸውን ሰጥተው ነው የሚከታተሉት።

ገና ሳይጀምር ዴልያ ረቡዕ ስለተናገረችው ክርክር ተነሣ። እትዬ የሺ እጃቸውን አነሡ። እሷ ዴልያ አይደለችም አሉ። ቤቱ ሳቀ። ቤቲ፦ «ኧረ እትዬ፣ ሳያዩዋት?» እሳቸው፦ «ዓይን ያላችሁት ምን አያችሁ?» 

ከዚያ ክፍሉ ጀመረ። ዴልያ ምንም ሳትናገር ሻንጣ ይዛ ከቤት ወጣች። በቃ። ሃያ ደቂቃ ዝናብ ውስጥ ስትሄድ። ጋሽ ወርቁ ብድግ አሉ። አምናለች፣ ይቅርታ ጠይቃለች፣ አባትየውም ዝም ብሏል፤ ታዲያ ለምን ትወጣለች? ይህ መዝገብ አይያያዝም!

ሳቄ አመለጠኝ። ከወጣሁ ወዲህ የመጀመሪያው። ምክንያቱን እኔ ብቻ ነኛ የማውቀው። ክፍሎቹ የሚደርሱን አንድ በአንድ ነው። የዛሬውን ተርጉመን፣ ድምፅ ሰጥተን ስናስረክብ የሚቀጥለው ይላካል። ሥ/አ ይቅርታ ሲያስገባባት ቀጥላ ሻንጣ እንደምታነሣ አላወቀም። ሻንጣውን በቀይ እስክሪብቶ መሰረዝ አይቻልም።

እትዬ የሺ ስስቅ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ከሁሉም መሃል ወደ እኔ። ደነገጥኩ።

ደግሞ ማስታወቂያ ሲገባ ጃርቷ ታየች። እዚሁ አገር የተሳለው ረጅም አኒሜሽን፣ ለገና የሚወጣው። የማስታወቂያውን ድምፅ ከመባረሬ በፊት ነበር የቀረጽኩት። የቤቲ ልጅ በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለለች፣ ድገሙልኝ አለች። ቤቲ የዚች ጃርት ድምፅ የድሮዋን ዴልያ አይመስልም እንዴ አለች። ጋሽ ወርቁ እንስሳ የሚናገርበትን ነገር እንደ ማስረጃ አልቀበልም አሉ።

ሁለት ዓመት ለምኜ ያገኘኋት ጃርት ናት። አሁን ለማን ይሰጧት ይሆን።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11፤ 5 ሰዓት

ሥ/አ ደወለ። ራሱ። ድምፁ ማር።

የስቱዲዮው ገጽ በአስተያየት ተጥለቅልቋል። የድሮዋን ዴልያ መልሱ፣ ታሪኩ ተበላሸ፣ ሻንጣው ምንድን ነው። ስለዚህ ተመለሽ አለኝ። ዴልያም፣ ጃርቷም የአንቺ። አንድ ነገር ብቻ። የይቅርታ ደብዳቤ። በጸሐፊዋ አስተይቤዋለሁ፣ ፈርመሽ ሠራተኛው ፊት ታነቢዋለሽ አለኝ። እስከ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት።

በቴሌግራም ላከው። ግማሽ ገጽ። ሁለተኛው መስመር፦ «ጥፋቴን አምኜ ይቅር እንዲሉኝ እጠይቃለሁ።»

ያው ዓረፍተ ነገር። በእኔ ድምፅ ዴልያ አፍ ውስጥ መክተት ቢያቅተው አሁን ወደ ራሴ አፍ መጣ።

እማዬ ሰንጋ ተራ ወርዳ ራሷ አሳትማ አመጣችው። ግማሽ ገጽ ወረቀት ናት ልጄ፣ ስንቱን ገጸ ባሕርይ ሆነሽ ዋሽተሽ የለም እንዴ፣ ይቺንም ትወና አድርጊያት አለችኝ። ክፋት የላትም። ፈርታልኝ ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

መስታወት ፊት ተለማመድኩት። በሳቅ አልኩት፣ በለቅሶ አልኩት፣ ትንፋሽ አሳጥሬ አልኩት። እችላለሁ። ማይክ ፊት ነፍሰ ገዳይ ሆኜ አውቃለሁ። ከባድ አይደለም። እስክሪብቶ አነሣሁ። የመጀመሪያውን ፊደል ጻፍኩ። ራ። አቆምኩ።

ከሰዓት ለእትዬ የሺ የዓይን ጠብታቸውን ላደርግላቸው ወረድኩ፣ ዘወትር የእኔ ሥራ ነው። ጠብታው ጉንጫቸው ላይ ፈሰሰ። ክንዴን ያዙኝ። ራሔልዬ፣ ድምፅሽን የት አደረግሽው አሉኝ።

ያውቃሉ። ገና ከሃያኛው ክፍል ጀምሮ ያውቃሉ! ጠዋት ጠዋት ደረጃው ላይ ውሃ መጣች ብዬ ስጮህ የማወጣው ድምፅ፣ ዴልያ ባሏን ስትጠራ ያው ነው አሉኝ። ለምን አልነገሩኝም አልኳቸው። አልነገርሽኝማ፤ የደበቁትን ነገር ጎትቶ ማውጣት ነውር ነው አሉ።

አለቀስኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ቀዩን እስክሪብቶ፣ ደብዳቤውን፣ ጃርቷን። ፈርሚም አትፈርሚም አላሉኝም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። የእውነት ምን ነበር ያለችው?

ቆምኩ። ትከሻዬን ለቀቅ አደረግሁ። በዴልያ ድምፅ አልኩት፣ ጮክ ሳልል። «ያላጠፋሁትን አጠፋሁ አልልም።»

ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። ከዚያ፦ «አሃ። አሁን ሻንጣው ገባኝ።»

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16፤ 6፡20

ስድስት ሰዓት አለፈ። አልፈረምኩም።

ለሥ/አ የላክሁት፦ ጥፋት የለብኝም፣ ይቅርታ አልጠይቅም፣ ጃርቷን ለሚገባት ሰው ስጧት። አንብቦታል። ጃርቷ ሄደች። ገና ላይ የቤቲ ልጅ በሌላ ሰው ድምፅ ትስቃለች፣ እኔም አጠገቧ እቀመጥ ይሆናል። አልዋሽሽም ደብተሬ፣ ያመኛል።

እማዬ ከጠዋት ጀምሮ አላናገረችኝም።

9፡40

ቅዳሜ ከሰዓት ጣቢያው ያለፈውን ሳምንት ክፍሎች ይደግማል። ዛሬ 141ን። እትዬ የሺ ለሁሉም ልከዋል፣ ዛሬ በሬ ክፍት ነው፣ የቀረን እቀየማለሁ ብለው። ጋሽ ወርቁ ግሩፑ ላይ ምን አዲስ ነገር አለ ብለው ጠየቁ። እትዬ የሺ በቤቲ እጅ ያስጻፉት መልስ፦ «ምስክር።»

እኔና እትዬ የሺ ያሰብነው እንዲህ ነው። አባትየው ይቅርታ ጠይቂ ብሎ ሲጮህ ቤቲ የቲቪውን ድምፅ ትዘጋለች። ለምን እንደምትዘጋ አታውቅም። እኔ ቲቪው አጠገብ እቆማለሁ። የዴልያ ከንፈር ሲከፈት የእኔም ይከፈታል። ከዚያ ስሜን እነግራቸዋለሁ። ውሉን እጥሳለሁ፣ እያወቅሁ፣ በሙሉ አፌ።

ለብ ያለ ውሃ ጠጣሁ። ከንፈሬን አንቀጠቀጥኩ።

እማዬ በሩ ላይ ቆማለች። ነጠላዋን ለብሳለች። ሁለት በርጩማ ይዛለች። ተነሺ እንጂ፣ ሊጀምር ነው ትለኛለች።