ያልሠራውም ይነበብ

እህታችን፣ ተማሪዎቻቸው «ቲቸር እስቲ» እያሉ የሚጠሯቸው የፊዚክስ መምህርት፣ ከሰዓት ሠሪ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1966 ዓ.ም. ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ሲሆኑ፣ ይህን የጻፈው ታናሽ ወንድማቸው ተከታያቸው ነው። ገና ፊደል ሳይቆጥሩ የአባታቸውን የግድግዳ ሰዓት ፈታትተው መልሰው ገጠሙት። ሰዓቱ መቁጠሩን ቀጠለ፤ አንዲት ብሎን ግን ተረፈች። አባታቸው መቆጣት ሲገባቸው ብሎኗን መዳፋቸው ላይ አድርገው ከየት እንደመጣች ሲመራመሩ ዋሉ።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ተከታትለው በ1984 ዓ.ም. የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ገቡ። በማዕረግ ተመረቁ ብንል ደስ ባለን፤ ግን አልተመረቁም። ለአንድ የፈተና ጥያቄ ሦስት ዓይነት መልስ እየጻፉ ሰዓት ያልቅባቸው ነበር። በ1987 ዓ.ም. ማስተማር ጀመሩ።

ባለቤታቸውን ያገኟቸው የክፍላቸውን የኤሌክትሪክ መስመር ሊጠግኑ በመጡ ጊዜ ነው። «ልጆቹ ራሳቸው ይሞክሩት» ቢሏቸው፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው «አንዱን ቢይዘው ተጠያቂው እኔ ነኝ ወይስ እርስዎ?» ብለው መለሱ። ክርክሩ በ1994 ዓ.ም. በጋብቻ ተቋጨ፤ በ2001 ዓ.ም. አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ።

የእህታችን ክፍል በኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ያለው፣ ጠረጴዛዎቹ አራት አራት ሆነው የተገጣጠሙበት፣ ሙጫና እንጨት የሚሸተው ክፍል ነበር። ትምህርቱ የሚጀመረው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሰፈሩ ችግር ነው። ተማሪ መልስ ሲጠይቃቸው «እስቲ ሞክረው» ስለሚሉ ስሙ ወጣላቸው። በ2015 ዓ.ም. ሰው ሠራሽ አስተውሎት በየተማሪው ስልክ ሲገባ ብዙ መምህራን ሲከለክሉ እሳቸው ፈቀዱ። ደንባቸው አንድ ብቻ ነበር፤ ከማሽኑ በፊት ባለችግሩ ይጠየቃል። «ማሽኑ ብዙ ያነበበ ነው፤ ግን ከቤቱ ወጥቶ አያውቅም» ይሉ ነበር።

ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ባለው ክሊኒክ ሕመምተኞች ጥላ ፍለጋ ዞር ሲሉ ተራቸው ይወሰድባቸው ነበር። አንድ ቡድን ደንቡን ዘልሎ መጀመሪያ ማሽኑን ጠየቀና በስልክ ተራ የሚያስይዝ ያማረ ዕቅድ ይዞ ሄደ። አንድ ሽማግሌ ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው «ልጆቼ፣ ይቺ እኮ ከመብራቷ በቀር ምንም አታውቅም» ሲሏቸው ዕቅዱ እዚያው ፈረሰ። ልጆቹ ተመልሰው የሰሙትን ለማሽኑ ነገሩት፤ ሲከራከሩት ሰንብተው ሕመምተኛው ተራውን የሚይዝባቸው፣ ቁጥር የተጻፈባቸው የእንጨት ምልክቶች ሠሩ። ክሊኒኩ እስከ ዛሬ በነሱ ይጠቀማል።

ሥራው በሚቀርብበት ቀን እያንዳንዱ ቡድን ከሁሉ አስቀድሞ «ያልሠራው» የተባለውን፣ ሞክሮ ያልተሳካለትን ነገር ቆሞ ይናገራል። ሁሉ ነገር ሠራ ያለ ቡድን ውጤት አያገኝም። አንድ አባት «ልጄን የላክሁት ገመናውን አደባባይ እንዲያወጣ ነው?» ብለው ተቆጥተው እንደነበር ይታወሳል። እህታችን ግን ከዚህ ንቅንቅ አላሉም።

ስለዚህ የራሳቸውም ታሪክ ያልሠራው ተዘልሎ እንዲነበብ አልፈቀዱም። ሆስፒታል ተኝተው ወንድማቸውን ጻፍ ሲሉት፣ «በለቅሶ ቀን እንዲህ ያለ ነገር ይነበባል እንዴ? ሰው ምን ይላል?» ብሎ አንገራገረ። «ስንቱ ልጅ ፊቴ ቆሞ ተናግሯል። እኔ ከነሱ በምን እበልጣለሁ? ጻፍ!» አሉት። የታላቅ ትእዛዝ ነውና ተጻፈ።

ያልሠራው ይህ ነው። ዝናቸው ሲወጣ ሌሎች ትምህርት ቤቶች መምህሮቻችንን አሠልጥኑልን አሏቸው። ቀን ክፍል፣ ማታ እርማት፣ ቅዳሜና እሑድ ሥልጠና ሆነ። ልጃቸው ጥያቄ ይዛ አጠገባቸው ስትቆም ዓይናቸውን ከኮምፒውተሩ ሳያነሱ «የኔ እናት፣ ለጊዜው ማሽኑን ጠይቂው፤ በኋላ እናወራለን» ይሏት ነበር። በኋላ የተባለው ጊዜ አልመጣም። ለሌሎች ልጆች «ከማሽን በፊት ሰው ጠይቁ» የሚሉት እናት የራሳቸውን ልጅ ወደ ማሽን ላኩ። አባቷም አጎቷም «እናትሽ ሥራ ላይ ናት» እያሉ ይመልሷት ስለነበር ከጥፋቱ አይወጡም።

በ2016 ዓ.ም. የልጅቷ ክፍል ኃላፊ ደውለው፣ ጓደኞቿ ካገለሏት ወራት እንዳለፉና ምሳዋን ደረጃ ሥር ብቻዋን እንደምትበላ ነገሯቸው። እህታችን ቤት ገብተው «ለምን አልነገርሽኝም?» ብለው ጮኹ። ልጅቷ ሳትቆጣ «ማሽኑን ጠይቄው ነበር» አለች። «ሥራ የበዛባትን እናት እንዴት እንዳላስቸግር ነግሮኛል። ሲደክማት አትቅረቢያት፣ የምትችዪውን ራስሽ ፍቺው አለኝ። እንዳለኝ አደረግኩ።»

ማሽኑ የተጠየቀውን ነው የመለሰው። ልጅ እንዲህ ያለ ጥያቄ እንድትጠይቅ ያደረጓት እናቷ ናቸው። ይህን ቃል የተናገሩት እሳቸው ራሳቸው ሲሆኑ፣ እንዳይቀነስም አዘዋል።

ሥልጠናውን በማግስቱ ተዉ። ይቅርታም ጠየቁ፤ ልጅቷም «ችግር የለም እማ» አለች። ከዚያ ወዲያ ግን የምትለው ይህንኑ ብቻ ሆነ። ትምህርት እንዴት ነው? ደህና። ጓደኞችሽስ? ደህና። ኬክ ቤት ወሰዷት፤ ኬኩ ተበላ፣ ወሬ ግን የለም። ግራ ሲገባቸው ልጅን እንዴት እንደሚያናግሩ ማሽኑን ሊጠይቁ ተቀመጡ። ባለቤታቸው ከኋላ ቆመው «አንቺም?» ሲሏቸው እየሳቁም እያለቀሱም ዘጉት። ጸጸቱ እንቅልፍ ነሳቸው፤ የሚሰጣቸው ምስጋና ሁሉ እንደ ስድብ ይቆጠቁጣቸው ጀመር። በመጨረሻ ከሥራ መልስ ምንም ሳይዙ ወጥ ቤት ቁጭ ማለትን ልማድ አደረጉ። ልጅቷ ትገባለች፣ ትወጣለች፤ እናቷ እዚያው ናቸው።

በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ የጉበት ሕመም ተገኘባቸው። በአንድ ከሰዓት በኋላ ልጃቸው ከትምህርት ቤት በቀጥታ ሆስፒታል መጣች፤ ትራሳቸውን አስተካክላ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «እማ፣ ካንቺ በኋላ ማንን ልጠይቅ?» አለቻቸው። ያን ያህል ሲጠብቁት የኖሩት ጥያቄ መጣ፤ የመጣውም እንዲህ ሆኖ ነው። እህታችን «አላውቅም፣ የኔ እናት። ጊዜ እያለኝ አባከንኩብሽ» ብለው አለቀሱ። እጅ ለእጅ ተያይዘው እስኪመሽ አወሩ። ጸጸታቸው በዚያ ቀን ለቀቃቸው ብንል ውሸት ይሆንብናል፤ ውሸት ደግሞ አይወዱም ነበር።

በሐኪም ሲረዱ ቆይተው ታኅሣሥ 11 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ52 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸውን፣ አንድ ልጃቸውን፣ ወንድማቸውንና በየሥራው የተበተኑ እጅግ ብዙ ተማሪዎቻቸውን ትተው ሄደዋል።

ለቀብራቸው ለመጣችሁ ሁሉ የተዉት አደራ አለ። ልጃቸው ጥያቄ ይዛ ከመጣችባችሁ «ቆይ» አትበሏት፤ መልሱን ባታውቁትም አብራችኋት ተቀመጡ።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይቀበል፤ ልጃቸውንም ጊዜ ያለው ሰው አያሳጣት።