ሊንዳ ያልሳለችው ጥቁር

ማክሰኞ፣ ማርች 9፣ 2021

የምንከባከባት አሮጊት ሊንዳ ዛሬ ሥዕሌን አሳየችኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ መስኮቷ አጠገብ አስቀምጣ ስትስለኝ ነበር። ለእናቴ ሐዘን የለበስኩት ጥቁር ቀሚስ ሐምራዊና ሮዝ ሆኖ አረፈው።

«ብላክ አልጠቀምም፤ ሙድ ይገድላል» አለችኝ።

እናቴን እዚህ ሰው አገር ሆኜ በቪዲዮ ነው የቀበርኳት። ከሐዘኑ የደረሰኝ ይሄ ጥቁር ብቻ ነው።

ስልክ ልታነሳ ስትሄድ፣ እናቴ ከሞተች ወዲህ ያልነካሁትን ኩል ከቦርሳዬ አወጣሁ። ሥዕሉ ላይ ያለውን ገና ያልደረቀ ቀሚስ ከአንገቱ እስከ ጫፉ በጣቴ አጠቆርኩት።

ተመልሳ ስታየው የፊቷ ቀለም ጠፋ። «ምን አደረግሽ?»

«አሁን እኔን መሰለ» አልኳት።

ነገ ለቀጠረኝ ኤጀንሲ ደውላ ታስባርረኝ ይሆናል። ታስባርረኝ። ጥቁሩ ግን አይለቅላትም።