ስለ ጄላቲኑ ጆሮ ለቤተ ሙከራችን ኃላፊ

ለተከበሩ የቤተ ሙከራችን ኃላፊ፤

ጤናዎ ይጠበቅ፣ ወንበርዎም አይነቃነቅ እያልኩ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ከቢሮዎ ጀርባ ባለችው መስኮት አልባ ክፍል አራት ዓመት ሙሉ ጄላቲን ሳሞቅና ሳቀዘቅዝ የኖርኩት ቴክኒሻን ነኝ። ባለፈው ሳምንት በወጣው ጽሑፍዎ ላይ ስሜን ስላጣሁት፣ ረስተውኝ ይሆናል ብዬ ነው ራሴን ማስተዋወቄ።

፩. ከቆዳና ከአጥንት ተቀቅሎ የሚወጣው ይህ ዝልግልግ ነገር ጆሮ በሚቀርጸው ባለ ሦስት ገጽታ ማተሚያ መርፌ ውስጥ ሲሞቅበት እንደ ውሃ ይፈሳል፣ ሲቀዘቅዝበት ደግሞ መርፌውን ይደፍናል። በመካከል ያለችውን ጠባብ ሙቀት ፍለጋ ስድስት መቶ ጊዜ ማተሜን «ቡድናችን ደረሰበት» ብለው በአንድ መስመር ስላሳጠሩልኝ አመሰግናለሁ። ቡድኑ እኔና ማተሚያው ነበርን፤ ከሁለታችን በስሙ የተጠቀሰው ማተሚያው ብቻ ነው።

፪. ጆሮ ላጡ ሰዎች የሚተከለው የታተመ ጆሮ በሰውነት ሙቀት እንዳይቀልጥ በማያያዣ ፈሳሽ መነከር እንዳለበት የገባኝ፣ ሦስት ወር የለፋሁበት ጆሮ መዳፌ ላይ ሲሟሟ አይቼ ነው። ሳለቅስ አግኝተውኝ «አይዞሽ ልጄ፣ ይህ ሥራ ያንቺ ነው፤ ማንም አይነካብሽም» አሉኝ። ቃልዎን ጠብቀዋል፤ ከእርስዎና በጽሑፉ ላይ ስሙ ከስምዎ ቀጥሎ ከሰፈረው ከወንድምዎ ልጅ በቀር ማንም አልነካብኝም።

፫. ታናሽ እህቴ በልጅነቷ የፈላ ዘይት ተደፍቶባት ግራ ጆሮዋን አጥታለች። ለናሙና የሚሆን ጆሮ ሲያስፈልግዎ፣ ከቤት ያለ ሻሽ ወጥታ የማታውቀውን ልጅ ለምኜ አመጣሁልዎ። ሻሿን ፈትታ ደህናውን ጆሮዋን አስለካች። «የመጀመሪያው ጆሮ የእሷ ነው» አሏት፤ አመነችዎ። ዛሬ ሁለቱም ጎኖቿ፣ ደህናውም የተቃጠለውም፣ ሳትጠየቅ ጽሑፍዎ በወጣበት መጽሔት ሽፋን ላይ ወጥተዋል፤ ጆሮ ከሚሰጣቸው ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ግን የለችም። እኔ ባጎረስኩ መነከሴን እችለዋለሁ። የእሷን እጅ ይዤ ወደ አፍዎ ማስጠጋቴን ግን ለራሴ ይቅር ማለት አቅቶኛል።

የክፍሉን ቁልፍ ለጥበቃው አስረክቤያለሁ። እህቴም አቤቱታዋን በገዛ እጇ ጽፋ፣ ሻሿን ሳታስር ሄዳ ለሥነ ምግባር ኮሚቴው ሰጥታለች።

ያስተማሩኝን ሁሉ ስለሰጡኝ፣ ያላስተማሩኝን ደግሞ ስለወሰዱልኝ፣ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣

የቀድሞዋ ቴክኒሻንዎ

ማሳሰቢያ፦ ከደብተሬ ቀድተው በጽሑፍዎ ሦስተኛ ሠንጠረዥ ያሰፈሩት የሙቀት ልክ ከተበላሸ ቴርሞሜትር የተነበበ ነው፤ በዚያው ደብተር ቀጣይ ገጽ ላይ በቀይ አርሜዋለሁ፣ ገጹን ቢገልጡት ኖሮ ያዩት ነበር። ሰኞ በእንግዶች ፊት በዚያው ልክ ሊያትሙ መሆኑን ሰምቻለሁ። መወልወያው ከበሩ ጀርባ ነው።