ስለ ስድስቱ የካርቶን ዓረፍተ ነገሮችና ስለ አቶ ባህረዲን መታሰር

ቀን፦ ግንቦት 16 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለፖሊስ ጣቢያው ኃላፊ
መርካቶ፣ አዲስ አበባ

አቤት ባይ፦ ናኢማ ረዲ፣ የእንግሊዝኛ ቋንቋ አስተማሪ
አድራሻ፦ ከሲኒማ ራስ ከፍ ብሎ፣ ከብርድ ልብስ መደብሮቹ ጀርባ

ጉዳዩ፦ በአቶ ባህረዲን ኪስ የተገኙት የእንግሊዝኛ ጽሑፎች የፈተና መለማመጃ መሆናቸውንና የጻፍኳቸውም እኔ መሆኔን ስለ ማሳወቅ፣ ተማሪዬም ከእስር እንዲለቀቅ ስለ መጠየቅ

ክቡር ኃላፊ ሆይ፤

1. ስሜ ከላይ የተገለጸው አቤት ባይ ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ መርካቶ ነው። በመምህርነት በዲፕሎማ ተመርቄያለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ሱቅ ከመከፈቱ በፊት፣ በንግድ ምክንያት ትምህርታቸውን ላቋረጡ ሰዎች የእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ እሰጣለሁ። ተማሪዎቼ ትዳር ያላቸው፣ ሱቅ የሚያስተዳድሩ፣ የአሥረኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና በግል የሚፈተኑ ሰዎች ናቸው። ይህን ማመልከቻ የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። ፊደሌ እዚህም እዚያም ተንቀጥቅጦ ቢያገኙት፣ ከፍርሃት የመጣ እንጂ ቢሮዎን ከመናቅ አለመሆኑን እንዲረዱልኝ አስቀድሜ እለምናለሁ።

2. አቶ ባህረዲን እዚሁ መርካቶ፣ ጎጃም በረንዳ ላይ ሸራና የናይለን ገመድ ይሸጣል። አባቱ ሲሞቱ ከአሥረኛ ክፍል መሀል ወጥቶ ሱቁን ተረከበ፤ ዘንድሮ ሚስቱ ሐጀራ ገፋፍታው ተመለሰ። ሰዋስው አያስቸግረውም። የሚያስቸግረው የተዘበራረቁ ዓረፍተ ነገሮችን በቅደም ተከተል የማስተካከል ጥያቄ ነው። በዚህ ጥያቄ አምስት ስድስት ዓረፍተ ነገር ተደበላልቆ ይቀርባል፤ ተፈታኙ የቱ መጀመሪያ፣ የቱ መጨረሻ እንደሆነ ለይቶ አንድ ወጥ ታሪክ ማድረግ አለበት። ባህረዲን ሁልጊዜ እየሳቀ «ቲቸር፣ ይሄ ነገር የቱ ጋ ራሱ፣ የቱ ጋ ጭራው እንደሆነ አይገባኝም» ይለኛል።

3. እንዲገባቸው ብዬ ዓረፍተ ነገሮቹን በማርከር እየጻፍኩ፣ ከሸሚዝ ካርቶን በቆረጥኳቸው ቁራጮች ላይ እሰጣቸዋለሁ። ወለል ላይ ዘርግተው እያነሡ እየጣሉ ያስተካክላሉ። ታሪኩንም ከሚያውቁት ነገር እወስዳለሁ፤ መርካቶ ላይ ሱቅ ያለው ሰው ደግሞ ከሁሉ አብልጦ የሚያውቀውና የሚፈራው እሳት ነው። ስለዚህ ስለ አንድ የሱቅ ቃጠሎ ስድስት ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ። ባህረዲን ሦስቱን ብቻ ወስዶ ኪሱ ከተተ። ቦታቸውን ሊያገኝላቸው ያልቻለው ለእነዚያ ለሦስቱ ስለነበረ፣ ሱቁ ቁጭ ብሎ ሊያስብባቸው ነው። የቀሩት ሦስቱ እኔ ዘንድ ቀሩ።

4. በዚያው ቀን ሰባተኛ በሚባለው ሰፈር ፖሊሶች ለፍተሻ አስቆሙት። በከተማችን ፍንዳታ ከተሰማ ወዲህ ፍተሻው የጠበቀው ለሁላችንም ደኅንነት መሆኑን አውቃለሁ፤ የፈተሹትንም አልወቅስም። ከኪሱ የወጣው ላይተርና የእኔ ሦስት ካርቶኖች ናቸው። ላይተሩን የሚይዘው የተቆረጠ የናይለን ገመድ ጫፉ እንዳይተረተር ለኮስ አድርጎ ለማጣበቅ ነው፤ ገመድ ሻጭ ሁሉ ይህን ያደርጋል። ካርቶኖቹ ላይ ግን በእንግሊዝኛ የተጻፈው፣ ወደ አማርኛ ሲመለስ፣ እንዲህ ይላል፦

«በመጨረሻም ሱቁ በሙሉ አመድ ሆነ።»
«ባለሱቁ ለጸሎት ስለሄደ በሩ ተቆልፎ ነበር።»
«ስለዚህ እነርሱ በሩን በብረት ሰብረው ገቡ።»

ክቡር ኃላፊ፣ ይህን ከላይተር ጋር ያየ ሰው ምን እንደሚያስብ አውቃለሁ። ሐጀራ መጥታ ስትነግረኝ፣ ጽሑፉን ያወጣሁት ከራሴ ራስ ሆኖ ሳለ፣ በእሷ አፍ ስሰማው የወንጀል ዕቅድ መሰለኝ።

5. ሐጀራ እንደነገረችኝ፣ መርማሪው አጥብቆ የጠየቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው «እነርሱ የተባሉት እነማን ናቸው? ስማቸውን ጥራ» የሚል ነው። ባህረዲንም «አላውቅም» ብሏል። እውነቱን ነው። የቸገረውም ጥያቄ ይኸው ነበር። «እነርሱ» የሚል ዓረፍተ ነገር፣ እነማን እንደሆኑ የሚናገር ሌላ ዓረፍተ ነገር ከፊቱ ይፈልጋልና ብቻውን አይቆምም። ያ ዓረፍተ ነገር ደግሞ እኔ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነበር። ሁለተኛው ጥያቄ «ይህን የጻፈው ማን ነው?» የሚል ነው። ይህን ያውቃል፤ ግን አልተናገረም። ምሳ ይዛለት ለሄደችው ለሐጀራ በበሩ ቀዳዳ ያላት ይህን ብቻ ነው፦ «ለቲቸር ንገሪያት፤ እንዳትመጣ።»

6. ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። በር ሲንኳኳ እናቴ ቀድማ ትነሣና በዓይኗ ወደ ጓዳ ግቢ ትለኛለች። ማጠናከሪያውን ዘጋሁ፤ ተማሪዎቼም መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ሰላምታቸውን አሳጥረው ያልፋሉ፤ አልፈርድባቸውም። እናቴ «የቀሩትን ካርቶኖች አቃጥያቸውና ቡታጅራ አክስትሽ ዘንድ ሂጂ። ስምሽ እዚያ መዝገብ ላይ አንዴ ከሰፈረ ማን ይፍቀዋል?» አለችኝ። ካርቶኖቹን ይዤ ምድጃው አጠገብ ቆምኩ። ካቃጠልኳቸው ግን «እነርሱ» እነማን እንደሆኑ ማንም ሊያስረዳለት እንደማይችል ታሰበኝ። ነጠላዬን ለብሼ ወጣሁ። እናቴ እስከ አስፋልቱ ድረስ እያለቀሰች ተከተለችኝ።

7. ትናንት ጣቢያው ቀርቤ «የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ። የበሩ ጥበቃ ደግሜ እንድናገር አደረገኝ። መርማሪው ፊት ተቀመጥኩ። ሦስቱን ካርቶኖች ከመሳቢያው አወጣ፤ እኔም የእኔን ሦስቱን ከቦርሳዬ አወጣሁ። አንደኛው ወደቀና እሱ ራሱ አነሣልኝ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ በተገቢው ቅደም ተከተል ደረደርኳቸው፤ ቃል በቃልም ወደ አማርኛ መለስኩለት፦

«አንድ ዓርብ ከአንድ ሱቅ ጣሪያ ጭስ መውጣት ጀመረ። ጎረቤቶቹ ጭሱን አይተው እየጮኹ ተሰበሰቡ። ባለሱቁ ለጸሎት ስለሄደ በሩ ተቆልፎ ነበር። ስለዚህ እነርሱ በሩን በብረት ሰብረው ገቡ። ጨርቅ ላይ ተኝታ የነበረችውን ትንሽ ልጅም ተሸክመው አወጧት። በመጨረሻም ሱቁ በሙሉ አመድ ሆነ።»

መርማሪው ሁለት ጊዜ አስነበበኝ። ከዚያ፣ ክቡር ኃላፊ፣ ያላሰብኩትን ጠየቀኝ፦ «ልጅቷ ማን ናት?»

«እኔ ነኝ» አልኩት።

ይህን ለተማሪዎቼ ነግሬያቸው አላውቅም። ባለሱቁ አባቴ ነው። ቁርጥራጭ ጨርቅ ይነግድ ነበር፤ ያን ዕለት ጥቅል ጨርቅ ላይ እንቅልፍ ቢወስደኝ፣ ቶሎ እመለሳለሁ ብሎ ቆልፎብኝ ለጁምዓ ወጣ። በሩን የሰበሩት ጎረቤቶቻችን ናቸው። አንደኛው፣ በብረቱ በሩን የፈነቀለው፣ የባህረዲን አባት ናቸው። ባህረዲን ይህን አያውቅም፤ አባቱ አልነገሩትም፤ እኔም ታሪኩ የቤታችን ኀዘን ስለሆነ አላወራሁትም። አባቴ እስኪሞት ድረስ በዚያ ሱቅ ቦታ አጠገብ አላለፈም። እኔ ግን እሳቱን አላስታውስም፤ የማስታውሰው ጭሱ ውስጥ የያዘኝን ክንድ ብቻ ነው።

መርማሪው ካርቶኖቹን ሰበሰበና «እኔ ገብቶኛል፤ የመልቀቅ ሥልጣን ግን የእኔ አይደለም። ለኃላፊው ጻፊ» አለኝ። ስለ ትሕትናው አመሰግናለሁ። ስወጣ ባህረዲንን ግቢው ውስጥ ከሌሎች ጋር ተቀምጦ ከሩቅ አየሁት። እሱም አየኝ። ሂጂ፣ ሂጂ በሚል ዓይነት ራሱን ነቀነቀ።

8. ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን በትሕትና እለምናለሁ።

ሀ/ አቶ ባህረዲን ላይ የቀረበው ጥርጣሬ ከካርቶኖቹ በቀር ሌላ መነሻ ከሌለው፣ ዛሬውኑ እንዲለቀቅልኝ። ስድስቱም ካርቶኖች አሁን በመርማሪው እጅ ናቸው፤ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሌላ ሰው ቢያያቸውም ደስ ይለኛል።

ለ/ ጉዳዩ ተጨማሪ ጊዜ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ብሔራዊው ፈተና ሰኞ ስለሚጀምር በጥበቃ ታጅቦም ቢሆን እንዲፈተን እንዲፈቀድለት። ዘንድሮ ፈተናው ካመለጠው፣ እሱን እንደገና ክፍል ማስገባት ለሐጀራም ይከብዳታል።

ሐ/ ስሜን ለመደበቅ ብሎ ዝም ማለቱ እንደ ጥፋት እንዳይቆጠርበት። ዝም ያለው በእሱ ላይ የደረሰው በእኔም ላይ እንዳይደርስ ፈርቶ ነው፤ እኔም ለእሱ ፈርቼ ነው የመጣሁት።

አልፈራሁም ብዬ ክብርነትዎን አልዋሽም። ይህን የመጨረሻ አንቀጽ የምጽፈው ጣቢያው በር ላይ፣ ሐጀራ አጠገቤ ቆማ ወረቀቱን በነጠላዋ ከነፋስ እየከለለችልኝ ነው። መልስዎን እዚሁ እጠብቃለሁ። አንድ ሰው ማቆየት የግድ ከሆነ ጋቢና ቅያሬ ልብስ በፔስታል ይዤ መጥቻለሁ። እሱ ግን ዛሬ ከሚስቱ ጋር ቤቱ ይግባ።

ከጥልቅ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ናኢማ ረዲ