የጀልባው ሞተር በቆሰበር

ህዳር 29 ቀን 1957 ዓ.ም.

አመዳይ ጀመረ። ጠዋት ሣሩ ነጭ ነበር። ቢሻው ወፍጮውን ሲዘጋ የሞተሩን ውሃ ሊያፈስ ሞክሮ አቃተው። የፓምፑ ቡሎን ዝጎ አልፈታ አለ። ለጊዜው በጆንያ ሸፈነው። "በዚህ ሳምንት አንቲፍሪዙን እናጠጣውና እናስተኛዋለን" አለ። ባሌ ስለ ሞተር ሲያወራ ስለ ሕፃን የሚያወራ ነው የሚመስለው።

ከጣና ጀልባ ላይ የተነቀለ ሞተር ነው። አቶ ሙሄ ለወፍጮ ብለው ገዙት። ቢሻውም ጀልባው ላይ ሲሠራ ኖሮ ከሞተሩ ጋር ወዳገሩ ተመለሰ። ሐይቁ ዳር አመዳይ የለም። እዚህ ቆሰበር ግን ውሃው ሆዱ ውስጥ በረዶ ከሆነ ብረቱ ይሰነጠቃል። ስለዚህ በየዓመቱ እሱ የማስነሻውን ብረት፣ ማኑቬላውን፣ ያዞራል፣ እኔ የመሳቢያውን ጎማ አንቲፍሪዙ ቆርቆሮ ውስጥ እይዛለሁ። ሞተሩ እየሠራ በረዶ የማይሆነውን አረንጓዴ ፈሳሽ ይስባል። በመውጫው አረንጓዴ ሲመጣ ይጠፋል። በቃ፣ ተኛ።

ታህሳስ 3

ቢሻው ወፍጮ ቤት ወደቀ። ደረቱን ነው... ተሸክመው አመጡት። ዳንግላ ሐኪም አለ ይላሉ። መኪና ግን የለም።

ታህሳስ 6

ሞተ። ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ላይ።

ታህሳስ 8

ሳልስት። ሰው ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ይሄዳል። እንባ አልመጣ አለኝ። ለምን? አላውቅም። አማቴ እትዬ ሽታዬ ያዩኛል። እሳቸው ድምፃቸው እስኪዘጋ አልቅሰዋል።

አንዱ ለቀስተኛ የከብቶቹ ገንዳ ውሃ በረዶ ሆኖ እንዳደረ ተናገረ። ሰዉ የዘንድሮን ብርድ አማረረ። እኔ ያሰብኩት ሞተሩን ነው። ውሃው እስካሁን ውስጡ ነው... አቶ ሙሄ አዲስ አበባ ናቸው። ከኔ ሌላ የሚያውቅ የለም። ከተሰነጠቀ ወፍጮው አበቃለት፣ እኔም ሌላ እንጀራ የለኝም። ግን ቡሎኑ አይፈታም፤ ፈሳሹን እንዲስብ ሞተሩ መነሳት አለበት። በለቅሶ? ድምፁን ቆሰበር በሙሉ ይሰማዋል።

ታህሳስ 9

ከሰዓት በኋላ ከተቀመጥኩበት ተነሳሁ። የት ነው አሉኝ። ወፍጮ ቤት አልኩ።

ማኑቬላው ሁለቴ አመለጠኝ፣ አንዴ ክንዴን መታኝ። አበጠ እንጂ አላመመኝም። በሦስተኛው ተነሳ። ጎማውን የሚይዝልኝ ስለሌለ ድንጋይ ጫንኩበት። በመውጫው መጀመሪያ ንጹሕ ውሃ መጣ። ቀና ስል እትዬ ሽታዬ በሩ ላይ ቆመዋል። ነጠላ እንኳ አልደረቡም፣ ሮጠው ነው የመጡት። እኔን አዩ። ከኋላዬ አዩ። ማንም የለም።

"ልጄ መስሎኝ" አሉ።

አረንጓዴው መጣ። ሞተሩን አጠፋሁ።

"ልብሽ ድንጋይ ነው" አሉኝና ሄዱ።

ምናልባት እውነታቸውን ነው።

ታህሳስ 20

ምንጭ ስወርድ ሴቶቹ ወሬ ያቆማሉ። የባሏ መቃብር አፈር ሳይደርቅ ሞተር ታስጮሃለች ተብያለሁ። ይበሉ። እትዬ ሽታዬ አያናግሩኝም። ክንዴ ዳነ።

ጥር 17

አርባው ወጣ። አቶ ሙሄ ከዳንግላ መካኒክ ይዘው መጡ። ሰውየው ሞተሩን እየዞረ መረመረ፣ አንድም ስንጥቅ አጣ። ማን አስተኛው ብሎ ጠየቀ። እኔ ነኝ አልኩ። ሳቀ። አስነሳሁለት፣ ውሃ እያጠጣሁ አረንጓዴውን ወደ ቆርቆሮው መለስኩ። ሳቁን ተወው። የዛገውን ቡሎን ግን ፈትቶልኛል፣ አሁን ማታ ማታ ውሃውን ማፍሰስ እችላለሁ፤ ለዚያ አመሰግነዋለሁ። አቶ ሙሄ ሸኙትና ቁልፉን እኔ እጅ ላይ አስቀመጡ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ምንም አልተሰማኝም።

ጥር 27

ብዙ ጤፍ ተፈጨ። ዘግቼ ልወጣ ስል እትዬ ሽታዬ መጡ። ከዚያ ቀን ወዲህ እግራቸው ደርሶ አያውቅም። እህል አልያዙም። በሩ አጠገብ ጆንያ ላይ ተቀመጡ። ልጠይቃቸው ፈራሁ። በኋላ መሬት መሬቱን እያዩ፣

"አስነሺልኝ እስቲ፣ አምሳለ። ዝም ብዬ ልስማው" አሉ።

የማዞሪያውን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ ከወፍጮው አውልቄ አስነሳሁላቸው። ከጎናቸው ተቀመጥኩ። እጄን ያዙኝ።

አለቀስኩ። ቢሻው ከሞተ ዛሬ ገና።