የጅቡ ተረት የእናቴ ነው

ደሳለ፣

ቅዳሜ ገበያ ከተበተነ በኋላ፣ ፊልማችን ሊታይ ሲል፣ በሰው ሁሉ ፊት «ለጅቡ ጭምብል መግዣ አልነበረንም፣ የጋሻዬ ፊት በነጻ ተገኘ» ብለህ በእኔ የቀለድከው አንተ ነህ። አዳራሹ ከፊልሙ ይልቅ በዚያ ሳቀ።

አሁን ወደ ጋራ ቤታችን የመጣሁት ልብሴን ልወስድ ነው። ለጅቡ የለበስኩት አጎዛ አጥር ላይ ተሰጥቷል፤ ዝናብ ሳይመጣ አስገባው።
የእኔን የቤት ቁልፍ ከባለሱቋ ከባንቺዓለም ዘንድ ትቼዋለሁ።

የፊልሙ ተረቶች ሁሉ ማስፈራትም ማሳቅም አለባቸው አልክ፤ ይሁን። የጅቡ ተረት ግን የእናቴ ነው። እዚሁ ቤት ስነግርህ ብርድ ልብስ ተከናንበህ ፈርተህ ነበር። ስሟን ፊልሙ መጨረሻ ላይ አጽፋለሁ ብለኸኝም ነበር።

እናቴ ያንን ልታይ ከአሸተን ተራራ ሥር በእግሯ ወረደች። ስትስቁ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

እሷ ተረት ስትጨርስ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ነው የምትለው። ዳቦው ከሰሚው ነበር የሚጠበቀው። እሷ ግን ለአንተ ብላ ራሷ ጋግራ አመጣች። መሶቡ ውስጥ ነው፤ ሳይደርቅ ብላው።

ከአዳራሹ ስንወጣ «አያ ጅቦ፣ ቀልድ እኮ ነው!» ብለህ ተጣራህ። ሰምቼሃለሁ።
የእናቴን ክንድ ይዤ ዳገቱን ወጣሁ።